ጀርባዬ መሬት ነካ

በልጅነት የሰፈራችን የትግል ሕግ አጭር ነበር፤
ጀርባው አፈር የነካ ልጅ፣ እሱ ተሸነፈ፣
ሱሪውን አራግፎ፣ እንባውን ዋጥ አድርጎ
ወደ ቤቱ አለፈ።

ዛሬ አርባ ሦስት ሞላኝ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤
ሃያ አንድ ዓመት የሰው ክርክር ከመደርደሪያ ሳወርድ፣ መልሼ ስሰቅለው
ወገቤ እንደ አሮጌ ፋይል ጎበጠ፣ ጥግ ጥጉ ተበላ፤
ሐኪሙ "ተንቀሳቀስ" አለኝ፣ መድኃኒት አልሰጠኝም ሌላ።

እኔም ተንቀሳቀስኩ።
ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ፣ ከሸምሱ ልብስ ስፌት በላይ፣
ሦስተኛ ፎቅ ደረስኩ።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ እንደ ደብር፣ እንደ መስጊድ።
ውስጡ ሰማያዊ ፍራሽ ነው፤ ላብና በረኪና ይሸታል፤
ወንበር የሚባል የለም፣
ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወለሉ ላይ ይንከባለላል።

አሠልጣኟ ሲፈን ናት። ክንዷ ቀጭን፣ ቁመቷ አጭር፣
"ጋሼ፣ በጀርባዎ ይተኙ" አለች፤ "ከዚህ ነው የሚጀመር።"
"ልጄ" አልኳት፣ "የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።"
ሳቀች። "ዛፍ እግር የለውም፤ የእርስዎ ግን ሁለቱም አሉ፤
ባለ ምሳሩ ሲጠጋ በወገቡ ዙሪያ ይቆልፏቸው፣
እጅጌውን አጥብቀው ይያዙ፣
ከዚያ ይምታ እስቲ፤ በየት በኩል?"

ጥበቡ፣ አለችን፣ ከጃፓን ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣
ብራዚል ላይ ከመሬት ጋር ተማምሎ ኖሮ፣
ቀጫጭኖችን እያየ የተሰፋ ልብስ ነው።
ቡጢ የለም፣ ርግጫ የለም።
ማነቅ አለ፤ ክርን ከማያውቀው አቅጣጫ መጠምዘዝ አለ።
ጉልበት የብድር ገንዘብ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤
በሬ የሚወድቀው ገመዱ በታሰረበት ቦታ ነው እንጂ
በጎታቹ ብዛት አይደለም።

ከሙባረክ ጋር አጣመረችኝ፤ በሞተር ዕቃ አድራሽ፣ ሃያ ዓመቱ፣
ደረቴ ላይ ሲቀመጥ እንደ ሲሚንቶ ነው ክብደቱ።
ኮሌታውን ጨበጥኩ። ጣቶቼ እስኪነጡ ጨበጥኩ።
"ጋሼ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!" አለች ሲፈን ከጥግ፤
"ወረቀቱን ቢሮ ትተው ይምጡ፤
እዚህ የሚያመልጥ የሚለቅ ነው።"
ሃያ አንድ ዓመት እኔ ወረቀቱን ልያዝ፣ ወረቀቱ እኔን፣
እስከዚያች ማታ አልለየሁም።

የሙባረክ ክንድ አንገቴ ሥር ገባ። ደሜ በጆሮዬ ጮኸ።
መዳፌ ጀርባውን ሁለቴ፣ መታ መታ።
ለቀቀኝ።
"ደህና ነዎት፣ ጋሼ?" ብሎ እጄን ስቦ አስነሣኝ።

እንዴት ያለ ችሎት ነው!
ምስክር ሳይቆጠር፣ ቀጠሮ ሳይሰጥ፣ ይግባኝ ሳይባል፣
ሁለቴ መታ መታ፣ ጠቡ ያልቃል።
መደርደሪያዬ ላይ የአንድ አጥር ክርክር አለ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፤
ከሳሽም ሞቷል፣ ተከሳሽም ሞቷል፣
ልጆቻቸው እስካሁን ይተናነቃሉ፤
መዳፉን ያነሣ አንድ ሰው ጠፋ።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ መብራት ሄደ።
ማንም አልቆመ።
በጨለማው ውስጥ ትንፋሽ ብቻ፣ የጨርቅ ፍትጊያ፣
ጉልበት ጉልበትን ሲፈልግ።
ዓይን ለካ ሥራ ፈቶ ነበር፤
ክብደት ወዴት እንዳዘነበለ የሚያነበው ቆዳ ነው።
በለገሃር በኩል ባቡሩ ሲያልፍ የመስኮቶቹ ብርሃን
ጣሪያችን ላይ ሮጠ፤
በዚያች ቅጽበት ሙባረክን ከላይ ሆኜ አየሁት።
እሱም አየኝ። ሁለታችንንም ገረመን።

ደረጃውን በስልክ መብራት ወረድኩ።
ሸምሱ ሱቁን ሊዘጋ ነው፣ መርፌ በከንፈሩ ይዟል፤
"እህ፣ ዛሬስ አሸነፉ?"
"ስድስት ጊዜ እጅ ሰጠሁ።"
ቀና ብሎ አየኝ፣ ቀልድ መስሎት።
"እጅጌው ተተርትሯል፣ ለሐሙስ አድርስልኝ" አልኩና
በላብ የራሰውን ነጭ ልብስ ሰጠሁት።